ስለ እጅ ስልክና ስለ ራሴ ኩራት

ሰው የሰፈሩን ስም በየቀኑ ይጠራዋል እንጂ ትርጉሙን አይመረምረውም። እኔም ጎፋ አካባቢ ቤት ሠርቼ ከተቀመጥሁ ሠላሳ ዓመት ሲያልፈኝ፣ የክፍለ ከተማችንን ስም «ነፋስ ስልክ» እያልሁ በየደብዳቤው ራስጌ ስጽፍ ኖሬ፣ ስሙ ከምን እንደ መጣ ቆም ብዬ ያሰብሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ነፋስ ስልክ ማለት ሽቦ ሳይዘረጋለት ቃልን በነፋስ የሚያደርስ ስልክ ማለት ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት በዚሁ በከተማችን ደቡብ፣ በአቃቂ በኩል፣ ሽቦ አልባ የሬዲዮ ጣቢያ ተተክሎ ነበር። ሕዝቡም በነገሩ ተደንቆ በራሱ ቋንቋ ስም አወጣለት፤ ስሙም ከዕቃው አልፎ ለምድሩ ተረፈ። እንግዲህ እኛ የነፋስ ስልክ ሰዎች ከአባቶቻችን ጀምሮ በአዲስ ዕቃ ስም የምንጠራ ነን። ልዩነቱ፣ በዚያን ጊዜ ነፋስ ስልክ ለአገር የሚቆም ትልቅ ሥራ ነበረ፤ ዛሬ ግን በየኪሳችን ገብቷል።

ልጆቼ፣ በየኪሳችን ስለ ገባው ስለዚህ ዕቃ ልጽፍላችሁ አስቤአለሁ። የምጽፈው ዕቃውን ለመንቀፍ አይደለም፤ የሚነቅፍ ሽማግሌ በየመንደሩ ሞልቷል። ለማመስገንም አይደለም፤ የሚያመሰግነው ነጋዴ አያንስም። እኔ የምጽፈው፣ በእጄ በያዝሁት ስልክ ምክንያት በ2016 ዓ.ም. በኅዳር ወር ያደረግሁትን ጥፋት ለመናገርና ከጥፋቱ የተማርሁትን ለእናንተ ለማካፈል ነው።

በልጅነቴ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በየሳምንቱ ዓርብ የፖስታው ከረጢት ሲመጣ ደብዳቤዎቹን የመለየት ሥራ ተሰጠኝ። የቢሮው ኃላፊ የነበሩት መምህራችን ማናቸውንም ደብዳቤ ከመቅደዳችን በፊት ሦስት ነገር እንድንጠይቅ አስተማሩን። ከማን ነው? ለማን ነው? ከእኛ ምን ይፈልጋል? ፖስታው ያማረ ቢሆን፣ ማኅተሙም ቢያብረቀርቅ፣ ሦስቱ ጥያቄዎች ሳይመለሱ መልስ መጻፍ ክልክል ነበር። እኔም በተራዬ መምህር ሆኜ በ38 ዓመት የማስተማር ዘመኔ ይህንኑ ለተማሪዎቼ ስደጋግም ኖርሁ። በፈተና ቀን «ጥያቄውን ሳታነቡ መልሱን አትጻፉ» ማለቴን የሚያስታውሱ፣ ዛሬ ሐኪም፣ ሹፌርና ነጋዴ የሆኑ ብዙ ልጆች አሉኝ።

አዲስ ዕቃ ሲመጣ ሰው በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ይፈራዋል፣ ሌላው ይሰግድለታል። ዛሬ ኢትዮ ቴሌኮም የምንለው ድርጅት ዕድሜውን የሚቆጥረው ከ1894 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስልክ ቤተ መንግሥት በገባ ጊዜ ካህናቱ ደንግጠው ነበር ይባላል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን አልተዉትም። ኢንተርኔት በ1997 እ.ኤ.አ.፣ የእጅ ስልክም በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን ሲገቡ ደግሞ የሚፈራው እየጠፋ የሚሰግደው እየበዛ ሄደ። እኔ ከሚፈሩት ወገን ነበርሁ። ልጄ ከውጭ አገር ሲመጣ ያመጣልኝ ስማርት ስልክ ሁለት ወር ሙሉ በሳጥን ውስጥ ተኝቷል።

ያወጣሁትም ተገድጄ ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ ክፍያ ሁሉ ወደ ስልክ እየዞረ ሄደ፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነዳጅ እንኳ በጥሬ ገንዘብ መሸጡ ቀርቶ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ እንዲሆን ታዘዘ። እኔ ደግሞ የዕድራችን ገንዘብ ያዥ ነበርሁ። አባላቱ፣ «መምህር፣ በየወሩ መቶ መቶ ብር ይዘን እርስዎ ቤት ከምንመላለስ በስልክ እንላክልዎ፤ እርስዎም ሰብስበው ባንክ ያስገቡ» አሉኝ። እምቢ ማለት አፈርሁ።

ስልኩን ያስተማረችኝ የጎረቤታችን ልጅ ናት። በዚያን ጊዜ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ እናትዋ እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ያሳደገቻት ጨዋ ልጅ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ሲፈላ እየመጣች አጠገቤ ትቀመጥና፣ «ጋሼ፣ አይፍሩ፤ ቢሳሳቱ ወደ ኋላ ይመልሱታል» ትለኝ ነበር።

በእውነቱ ዕቃው መልካም ነው። የዓይኔ ብርሃን እየደከመ ስለ ሄደ ጋዜጣ ማንበብ ትቼ ነበር፤ ስልኩ ግን ፊደሉን በሁለት ጣት አሰፋልኝ። በወጣትነቴ በትምህርት ቤት ቢሮ የነበረው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ፊደላችንን በሙሉ መያዝ አቅቶት፣ አንዱን ፊደል ከቁርጥራጭ እየገጣጠመ ይጽፍ ነበር። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉና ለትንሽ መኪና ከባድ ሸክም ነበረ። በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን፣ አዲስ አበባ የተጻፈው አማርኛ አሜሪካ በሚነበብበት ስልክ ላይ ቅርጹ ሳይጎድል ይደርሳል። ይህን ሳይ ለደከሙት ሁሉ በልቤ አመሰገንሁ።

የአገራችን ልጆች ራሳቸው የሠሩትም አለ። ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው ድርጅት ያወጣው ራይድ የተባለው አፕ ታክሲን ከቤት ደጃፍ ያስጠራል። እኔ ይበልጥ የወደድሁለት ግን አፑ የሌለው ሰው 8294 ደውሎ እንዲጠራ በር መተዉን ነው። ቴሌብርም እንዲሁ ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ የያዘው ሰው *127# እየደወለ እንዲገለገል ያደርጋል። የአንድ አዲስ ዕቃ መልካምነት የሚለካው ለባለጸጋው ሰፊ በር በመክፈቱ ብቻ አይደለም፤ ለድኻውና ለሽማግሌው ጠባብም ብትሆን አንዲት በር በመተዉ ጭምር ነው።

ብራውዘር ስለሚባለው ነገር ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው አረዱት ይሆንብኛል። ነገር ግን የሚጠቀምበት ብዙ ሆኖ ከየት እንደ መጣ የሚያውቀው ጥቂት ነው። የመጀመሪያውን ብራውዘር በ1990 እ.ኤ.አ. የሠራው፣ በጄኔቭ አጠገብ ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው ሞዛይክ ደግሞ ሥዕልና ጽሑፍን ባንድ ገጽ አቅርቦ ነገሩን ለብዙ ሰው አስለመደው። በአገራችን በትንንሽ ስልክ ብዙ ሰው የተገለገለበት ኦፔራ ሚኒ፣ ገጹን አስቀድሞ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ጨምቆ ስለሚልክ፣ መሥመሩ ደካማ ዋጋውም ውድ በሆነበት አገር ተወደደ።

እንግዲህ ብራውዘር መልእክተኛ ማለት ነው። የሰጣችሁትን አድራሻ ይዞ ይሄዳል፤ በዚያ ያገኘውን ይዞ ይመጣል። አንዳንድ ጊዜ «ይህ ቤት ያስፈራል» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ነገር ግን የቤቱን ባለቤት ሁሉ አያውቅም። በአድራሻው አጠገብ ትታይ የነበረችውን የቁልፍ ሥዕል ብዙዎቻችን «ባለቤቱ የታመነ ነው» ማለት መስሎን ነበር። ትርጉምዋ ግን በመንገድ ላይ የሚሄደውን ቃል ሌላ ሰው ጠልፎ አያነበውም ማለት ብቻ ነው። ሌባም ቤቱን መቆለፍ ያውቃል። ጎግል ሰዎች በዚህ እየተሳሳቱ መሆናቸውን አይቶ በ2023 እ.ኤ.አ. ያችን ሥዕል ክሮም ከተባለው ብራውዘሩ አንሥቶ በሌላ ምልክት ተካት። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን እሳቱ ካቃጠለኝ በኋላ ነው።

ልጅቷ አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ የማያውቁት ሊንክ ሲመጣልዎ ከመንካትዎ በፊት ለእኔ ያሳዩኝ» አለችኝ። ቃሉ ቅን ነበረ፤ እኔ ግን በልቤ ተቀየምሁ። ለ38 ዓመት ስንቱን ያስተማርሁ ሰው በገዛ ስልኬ ላይ የአንዲት ልጅ ፈቃድ ልጠይቅ? አልሁ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ስትመጣ «ገባኝ፣ ገባኝ፤ አንቺ ትምህርትሽን አጥኚ» እያልሁ እሸኛት ጀመር። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ እያልሁ ለሌላው ስተርት የኖርሁ ሰው፣ ተረቱ ለእኔም እንደ ተተረተ ረሳሁ።

በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ማታ፣ አብሮኝ ያስተምር በነበረ የቀድሞ ባልደረባዬ ስም በቴሌግራም መልእክት መጣልኝ። «ለጡረተኞች የተዘጋጀ ስጦታ አለ፤ እኔ ደርሶኛል፤ ዛሬ ማታ ስለሚዘጋ ቶሎ ሙላ» ይላል። ከሥሩ ሊንክ ነበረበት። ነካሁት። የአንድ የታወቀ ድርጅት ዓርማ ያለበት ያማረ ገጽ ተከፈተ፤ አማርኛው እንኳ የታረመ ነበር። ስሜንና የስልክ ቁጥሬን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁ። በአጭር መልእክት የመጣልኝን ቁጥር ጠየቀኝ፤ ሰጠሁ። ገንዘብ የምከፍትበትን የምስጢር ቁጥር ጠየቀኝ፤ ስጦታው የሚገባበት መስሎኝ ሰጠሁ። ሁለተኛ ቁጥር መጣልኝ፤ እሱንም ሰጠሁ። ቁጥሩን ይዞ በመጣው መልእክት ላይ በጥሩ አማርኛ «ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ» ተብሎ ተጽፏል። አነበብሁት። አንብቤም ሰጠሁ።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ 17,400 ብር ወጪ መሆኑን የሚገልጽ መልእክት ደረሰኝ። ገንዘቡ የእኔ አልነበረም፤ የ174 አባላት የወር መዋጮ ነበረ። ዓርብ ዕለት ባንክ ማስገባት ሲገባኝ ሰኞ አደርሰዋለሁ ብዬ አሳድሬዋለሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ገጹን መልሼ ከፍቼ አድራሻውን ፊደል በፊደል ባየው፣ ከድርጅቱ ስም ላይ አንድ የላቲን ፊደል ተጨምሮበታል። ከማን ነው? ለማን ነው? ከእኛ ምን ይፈልጋል? ከሦስቱ አንዱንም አልጠየቅሁም።

በማግሥቱ እሑድ ሳይነጋ የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ። አንድ አባላችን አርፈው ነበር። በደንባችን መሠረት ለቀብር ማስፈጸሚያ በዕለቱ 15,000 ብር ለቤተሰቡ ይሰጣል፤ እሑድ ባንክ ዝግ ነውና ገንዘቡ የሚጠበቀው ከእኔ ነው። በቤቴ የነበረውን 6,000 ብር አወጣሁ፤ የቀረውን 9,000 ብር ከእኅቴ ተበደርሁ። ለምን እንደ ሆነ አልነገርኋትም። ገንዘቡን በፖስታ አድርጌ ለዕድሩ ሊቀ መንበር ሰጠሁ። ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ፣ «መምህር ያሉበት ዕድር ምን ይቸግረዋል» ብለው አመሰገኑኝ። አንገቴን ደፋሁ፤ ሰዎቹ ትሕትና መሰላቸው።

በዚያን ጊዜ የነበረኝ አሳብ ይህ ነው። የጎደለውን ከጡረታዬ ቀስ በቀስ እሞላዋለሁ፤ ማንም አያውቅም፤ ማንም አይጎዳም። ይህ አሳብ ሐቀኛ ይመስል ነበር። ልጆቼ፣ ከክፉ አሳብ ይልቅ ሐቀኛ የሚመስል አሳብ ሰውን አርቆ ይወስዳል፤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ነው።

ማክሰኞ ማታ ልጅቷ መጣች። «ጋሼ፣ ትናንት የላኩልኝ መልእክት ምንድን ነው? ስጦታ አለ ይላል፤ ሊንክም አለው» አለችኝ። እኔ ምንም አልላክሁም። ሌቦቹ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ቴሌግራሜንም ወስደው፣ በእኔ ስም ለማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ይልኩ ኖረዋል። በዚያች ደቂቃ እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትሁ። ያን ጊዜ «ሳልነግርዎት ቀርቼ ነው?» የምትለኝ መሰለኝና፣ «ተሳስቼ ነው፤ ተዪው» አልኋት። «እሺ ጋሼ» ብላ ሄደች። እኔም በሬን ዘጋሁ።

ዓርብ ዕለት ከመንገዱ ዳር ጉሊት የሚሸጡ አንዲት እናት ቤቴ መጡ። ልጆቻቸውን አስተምሬአለሁ፤ የዕድራችንም አባል ናቸው። ሊወቅሱኝ አልነበረም የመጡት። «መምህር፣ ያ የላኩልኝ ስጦታ መቼ ነው የሚደርሰኝ?» አሉኝ። ታናሹ ልጃቸው፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ እንደ ታዘዘው ሞልቶላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በስልካቸው የነበረው 3,200 ብር አይታይም። ገንዘቡ ኃይሌ ጋርመንት ካለው የአትክልት ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመጡበት ነበር። «ከስጦታው ጋር አብሮ ይመለሳል?» ብለው ጠየቁኝ።

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያም፣ «ሌላ ሰው ቢልከው ልጄን አላስነካውም ነበር፤ ስምዎን አይቼ ነው፣ መምህር» አሉኝ። አልጮኹም፣ አላለቀሱም። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሌባው ቅዳሜ ማታ የወሰደው ገንዘብ ነበረ፤ ለዚህ እኔም ሞኝ ተብዬ ልታለፍ እችል ነበር። የእኚህን እናት ገንዘብ ግን ያስወሰደው ሌባው ብቻ አይደለም፤ የእኔ ስምና የእኔ ዝምታ ነው። ከቅዳሜ እስከ ዓርብ ስድስት ቀን ነበረኝ። ማክሰኞ ደግሞ ቤቴ ድረስ መጥታ የጠየቀችኝ ነበረች።

ቅዳሜ ጧት ወደ ልጅቷ ቤት ራሴ ሄድሁ። ነገሩን ሰምታ ስልኩን ተቀበለችኝ። ቴሌግራሜ የተከፈተባቸውን ስልኮች ዝርዝር አወጣች፤ የማላውቀው አንድ ስልክ ተገኘበት። እሱን አስወጣችው፤ ሁለተኛ የይለፍ ቃልም እንዳስገባ አደረገችኝ። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። «ጋሼ፣ ማክሰኞ ቢነግሩኝ ኖሮ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ለመምህር ያላት ክብር ዐረፍተ ነገሩን አላስጨረሳትም። እኔ ግን በልቤ ጨረስሁት።

ለባልደረባዬም ደወልሁለት። የእሱም ስልክ ከእኔ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ተወስዶበት ነበር። «ለምን አልነገርኸኝም?» ብለው፣ «አፍሬ ነው» አለኝ። ልቆጣው ምን ፊት አለኝ? በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 እንዲህ ያለውን ማታለል ይቀጣልና ለፖሊስ አመለከትሁ፤ ገንዘቡ ግን እስካሁን አልተገኘም። ሌባውን የሚረዳው የእሱ ብልጠት ከሆነ የእኛም እፍረት ይረዳዋል። አንዱ ሲያፍር ሁለተኛው ይሰረቃል፤ ሁለተኛው ሲያፍር ሦስተኛው ይሰረቃል።

በእሑዱ የዕድር ስብሰባ ተነሥቼ የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርሁ። አንዳንዱ አዘነልኝ፤ አንዳንዱም አጉረመረመ፤ የሚያጉረመርመው እውነት ነበረው። አንድ አባት፣ «ድሮም በመዝገብና በእጅ ይሻለን ነበር፤ ስልኩ ይቅር» አሉ። ልጅቷ እናትዋን ወክላ መጥታ ነበርና ፈቃድ ጠይቃ፣ «አባባ፣ ስልኩ ቢቀር ሌባው አይቀርም፤ መዋጮው በአንድ ሰው ስልክ ከሚያድር በቀጥታ ወደ ዕድሩ የባንክ ሒሳብ ይግባ» አለች። እንዲሁም ተወሰነ። ከባንኩ ገንዘብ የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነውና ከእንግዲህ አንድ ሽማግሌ ብቻውን የሚያጠፋው ነገር አይኖርም። እኔም ከገንዘብ ያዥነት ተነሣሁ። ለዕድሩ የቀረብኝን 2,400 ብር፣ ለእናትየው 3,200 ብር፣ ለእኅቴ 9,000 ብር፣ በድምሩ 14,600 ብር ከጡረታዬ እየቀነስሁ በስምንት ወር ከፈልሁ። በቅድሚያ የከፈልሁት የጉሊቷን እናት ነው።

አሁን ለእናንተ ለወጣቶች የምለውን ልበል።

መጀመሪያ፣ በብራውዘር የምታዩት ገጽ ሄዳችሁ የምትጎበኙት ቤት ነው፤ አፕ ግን እናንተ ቤት ገብቶ የሚያድር እንግዳ ነው። እንግዳው ሲገባ ቁልፍ ይለምናል፤ የካሜራውን፣ የማይክሮፎኑን፣ የወዳጆቻችሁን የስም ዝርዝር፣ ያላችሁበትን ስፍራ። የመንገድ ካርታ ያላችሁበትን ቢጠይቅ ተገቢ ነው። መብራት የሚያበራ አፕ የዘመዶቻችሁን ስም ቢጠይቅ ግን «ለምን?» በሉት። ስልካችሁ ፈቃድ የመንሣት ሥልጣን ሰጥቷችኋል፤ ተጠቀሙበት። በ2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅን አጽድቋል። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ራሱ በሩን ከፍቶ ለሚያስገባ ሰው ሕግ ብቻውን ዘበኛ ሊሆነው አይችልም።

ሁለተኛ፣ «በነጻ» የሚለውን ቃል መርምሩት። በነጻ የሚሰጡት ብዙዎቹ አፖች የሚኖሩት በማስታወቂያ ነው፤ ለማስታወቂያው የሚሸጠውም የእናንተ ጊዜና ዓይን ነው። አንዱ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሲያልቅ ሌላው ሳትጠሩት የሚመጣው በአጋጣሚ አይደለም፤ እንዳትነሡ ተብሎ የታሰበበት ነው። እኔ 17,400 ብር ባንድ ሌሊት አጣሁ፤ ቁጥሩንም ስለማውቀው አለቀስሁ። በየማታው ሁለት ሰዓት የሚያጣ ልጅ ግን ቁጥሩን አይቶት ስለማያውቅ አያለቅስም።

ሦስተኛ፣ ስልክ የሚያደርሰው ቃልን ብቻ አይደለም፤ ስማችሁንና ሰው በእናንተ ላይ ያለውን እምነትም ይሸከማል። ስለዚህ ስልካችሁ ቢሰረቅ ወይም ብትታለሉ በዚያችው ሰዓት ተናገሩ። ተታላችሁ መገኘታችሁ ለአንድ ቀን ያሳፍራል፤ ደብቃችሁ ሌላውን ማስበላታችሁ ግን ዕድሜ ልክ ነው።

በመጨረሻም፣ ለአባቶቻችሁና ለእናቶቻችሁ ስታስተምሩ ታገሡ። እኛ የምንዘገየው አእምሮ ጎድሎን ብቻ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ መጠየቅ እያሳፈረን ነው። ሦስት ጊዜ የነገራችሁትን በአራተኛው ሲጠይቅ «ነግሬዎት የለም እንዴ?» አትበሉት። ያች ቃል በሩን ታዘጋዋለች፤ ከተዘጋው በር በስተኋላ ምን እንደሚሆን ከእኔ ሰምታችኋል። እናንተ ሽማግሌዎችም ይህን የምታነቡ ብትኖሩ፣ ዕውቀት ዕድሜ አይመርጥምና ከልጅ መማር አያሳንሳችሁ።

የጎረቤታችን ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ከመሄድዋ በፊት ሰፈራችን ላሉት ሽማግሌዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ስልክ የምታስተምርበትን ሰዓት ለሌላ ልጅ አስረከበች። ልጁ ያ የእናቱን ወረቀት በእኔ ስም አምኖ የሞላው የጉሊቷ እናት ልጅ ነው፤ አሁን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሆኗል። ትናንት ማታ ከአንድ ወዳጄ ሊንክ ደረሰኝ። ወዳጄ እውነተኛ ሰው ነው፤ አድራሻውም ደኅና ይመስላል። ቢሆንም አልነካሁትም። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ልጁ ሲመጣ አሳየዋለሁ።